ልብ ወለድ ለልጅ፤ ለጐረምሳና ለዐዋቂ

ልብ ወለድ ታሪክ ማንበብ ይጠቅማል ወይስ ጊዜ ያባክናል? የሚለው ክርክር አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ» የተባለውን መጽሐፋቸውን በ1900 ዓ.ም. በሮም ካሳተሙ ወዲህ ከመካከላችን አልጠፋም። ስለዚህ ነገር አንባቢዎች የሚሰጡትን አስተያየት ብናዳምጥ በሦስት ወገን ተከፍሎ እናገኘዋለን። አንደኛው ወገን «ተረት ለልጅ ነው፤ ካደገ በኋላ ይተወው» ይላል። ሁለተኛው «የፍቅር ታሪክ ጐረምሳውንና ኰረዳዪቱን ከትምህርታቸው ያዘናጋል» ብሎ ይፈራል። ሦስተኛውና በየመሥሪያ ቤቱ የማይጠፋው ደግሞ «ዐዋቂ ሰው ማንበብ ያለበት እውነተኛውን ነገር እንጂ የተፈጠረ ታሪክ አይደለም» ባይ ነው።

እንደ እኛ አስተያየት ሦስቱም የዘነጉት ነገር አለ። ንባብ እንደ መሰላል ነው፤ ከመካከሉ አንድ እርከን የጐደለ እንደ ሆነ ከታች ያለው ወደ ላይ ሊወጣ አይችልም። በአገራችን የጐደለው እርከን የጐረምሶች መጽሐፍ ነው።

ነገሩን በቅርብ ለመረዳት በአማራ ክልል፤ በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን የምትገኘውን ጨፋ ሮቢትን እንመልከት። በዚያ የሚያድገው ልጅ ማታ ከአያቱ አጠገብ ተቀምጦ የጅቡንና የአንበሳውን ተረት በኦሮምኛ ይሰማል። የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርቱንም በኦሮምኛ በቁቤ ይማራል፤ የክልሉን የሥራ ቋንቋ አማርኛንም ይጨምርበታል። ይህ ተረት ተራ ጨዋታ አይምሰለን። ኦነሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ አዘጋጅተውት እ.ኤ.አ. በ1894 በምጽዋ አጠገብ የታተመው የኦሮምኛ ማንበቢያ መጽሐፍ ከሕዝብ አፍ የተሰበሰበ ተረት የሞላበት ነበር። ሁለቱ ደራሲዎች ልጅን ከፊደል ጋር ለማስታረቅ ከተረት የተሻለ መንገድ እንደሌለ ያን ጊዜ ተገንዝበውታል። በአማርኛም ተስፋዬ ሳህሉ «አባባ ተስፋዬ» ተብለው አርባ ዓመት ያህል በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ለልጆች ተረት ሲነግሩ መኖራቸው የሚዘነጋ አይደለም።

ዐዋቂውም ቢሆን መጽሐፍ አላጣም። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታትሞ ወጣ፤ በኋላም በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በራዲዮ ሲተረክ ፊደል ያልቈጠረውም ሰማው። የተፈጠረ ታሪክ ለዐዋቂ አይረባም የሚሉ ሰዎች በዚያ መጽሐፍ ጉዱ ካሣ ስለ ጊዜው ሥርዓትና ልማድ የሚናገረውን ያስታውሱ። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ወጥቶ ወዲያው ከገበያ መሰብሰቡስ ልብ ወለድ ከንቱ ጨዋታ ስለ ሆነ ነውን?

በ14 እና በ15 ዓመቱ ያለው ልጅስ? ተረቱ አንሶታል፤ «ፍቅር እስከ መቃብር» ገና ከብዶታል። ስለዚህ የበዛብህንና የሰብለ ወንጌልን ፍቅር ብቻ እየፈለገ ቀሪውን ገጽ ይዘላል። በዚህ አንወቅሰውም፤ የሚያሳዝነው በሁለቱም ቋንቋ ለእርሱ ዕድሜ ብሎ የሚጽፍ ሰው እጅግ ጥቂት መሆኑ ነው። የሚስማማውን ያላገኘ ልጅ ንባብን ይተዋል። በዚያ ዕድሜ የተወውንም ነገር ሹም ከሆነ በኋላ ብዙ ጊዜ አይመለስበትም። በመጽሐፍ አማካይነት በሌላ ሰው ኑሮ ውስጥ ገብቶ የማያውቅ ሹም፤ በፊቱ የቆመውን ባለጉዳይ ችግር ከማመልከቻው ላይ እንዴት አድርጎ ያነበዋል?

መድኃኒቱ ሩቅ አይደለም። ስኮትላንዳዊው ሮበርት ሉዊስ ስቲቨንሰን እ.ኤ.አ. በ1881 ከእንጀራ ልጁ ጋር ሲጫወቱ ከተሣለ የአንድ ደሴት ካርታ ተነሥቶ፤ ልጅም ዐዋቂም የሚወደውን «ትሬዠር አይላንድ» ጻፈ። ለጨፋ ግን ካርታ መፍጠር አያስፈልግም። የቦርከና ወንዝ የሚያረሰርሰው ረግረጉ በበጋ የኦሮሞ፤ የአፋርና የአርጎባ እረኞች መገናኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 በደረሰው ድርቅ ጊዜ 50 ሺህ ያህል አርብቶ አደሮች ከ200 ሺህ ያህል እንስሳት ጋር ተጠግተውበት እንደ ነበር ተመዝግቧል። ግመሉ የጠፋበት አንድ የ14 ዓመት እረኛ፤ ቋንቋውን ከማያውቅ እኩያው ጋር በዚያ ሸምበቆ ውስጥ ሲፈልግ የሚያሳይ ታሪክ ቢጻፍ፤ የጨፋ ሮቢት ተማሪ ሳይጨርሰው ይተኛልን?

የፍቅር ነገር ከእንዲህ ያለው መጽሐፍ ፈጽሞ ይውጣ አንልም። ጐረምሳ የሚያስበውን የማይነካ መጽሐፍ ጐረምሳም አይነካውም። ምክሩ ከታሪኩ ይውጣ እንጂ ታሪኩ የምክር ጆንያ አይሁን።

እንግዲህ ተማሪው የአያቱን ተረት ከመጥፋቱ በፊት በደብተሩ ይጻፍ። መምህሩ ተረቱ ያነሰው ልጅ ምን ማንበብ እንደሚሻ ልጁን ራሱን ይጠይቅ። ብዕር የሚታዘዝለት ወጣት ሠራተኛም በኦሮምኛ ይሁን በአማርኛ፤ ዛሬ ማታ አንዲት ምዕራፍ ይጀምር። የጐደለውን እርከን መሥራት የሚችለው ያን ዕድሜ ገና ያልረሳ ሰው ነውና።