የመጨረሻው ቀን አብጃታ ላይ

ወፍ ሊያይ ኢትዮጵያ የመጣ ፈረንጅ የመጨረሻ ቀኑን ብዙ ጊዜ የሚያሳልፈው ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነው። ማታ ከቦሌ በረራ አለው። ስለዚህ ጠዋት አብጃታ፣ ምሳ ባቱ፣ ከዚያ በመቂና በሞጆ አድርጎ ወደ አዲስ አበባ። ባቱ ላይ አይከፋውም። አስጋሪዎቹ ዓሣ ሲያጸዱ አባ ኮዳው እግራቸው ሥር ይጋፋል። አንገት የሚያስደፋው የጠዋቱ ነው።

የቆየ የጉዞ መጽሐፍ ይዞ የመጣ ሰው አብጃታ ላይ የፔሊካን መንጋ ይጠብቃል። ፔሊካኖቹ የሚፈለፍሉት አጠገቡ ባለው የሻላ ሐይቅ ደሴት ላይ ነበር። ሻላ ከ250 ሜትር በላይ ይጠልቃል፤ ለፔሊካን የሚበቃ ዓሣ ግን የለውም። ስለዚህ እየበረሩ ወደ አብጃታ ይሻገሩና ለጫጩቶቻቸው ዓሣ ይዘው ይመለሱ ነበር። አብጃታ እየሸሸ ሲሄድ ውሃው ጨው በዛበት፣ ዓሣው አለቀ፣ ፔሊካኑም ሌላ ቦታ ፈለገ። ፍላሚንጎ አሁንም አለ። እሱን በቅርብ ለማየት ግን ትናንት የሐይቅ ወለል በነበረ ነጭ ጭቃ ላይ ረጅም መንገድ በእግር መሄድ ነው። ይህ እንግዲህ በ1960ዎቹ በዋናነት ለውሃ ወፎች ተብሎ የተከለለ ፓርክ ነው!

«ዝናብ ጠፍቶ ነው» ይባላል። ግማሽ እውነት ነው። አብጃታ መውጫ የሌለው ሐይቅ ነው፤ የሚኖረው ከላይ በሚደርሰው ውሃ ነው። ትልቁ መጋቢው ከዝዋይ የሚነሳው ቡልቡላ ወንዝ ነው። ዝዋይ ዙሪያና ቡልቡላ ዳር ደግሞ ፓምፕ በፓምፕ ሆኗል፦ ሽንኩርቱ፣ ቲማቲሙ፣ የአበባ እርሻው። ከታች ደግሞ በደርግ ዘመን የተተከለው የሶዳ አሽ ፋብሪካ የአብጃታን ውሃ ራሱን በገንዳ እያተነነ ሶዳ ሲያወጣበት ኖሯል። ይህን ዝናብ አላደረገውም። ሰው ወስኖ ፈርሞበታል።

«በወፍ እንጀራ አይጋገርም» የሚል አይጠፋም። መጀመሪያ ነገር፣ አብጃታ ላይ ዓሣ ያጣው ፔሊካን ብቻ አይደለም፤ መረብ ይጥል የነበረ ሰውም ነው። ሁለተኛው ይብሳል። ዝዋይ ሊጠጣ የቻለው ቡልቡላ ጨዉን እያጠበ ወደ አብጃታ ስለሚያወርድለት ነው። የዝዋይ ከፍታ ከቡልቡላ አፍ በታች ከወረደ ጨዉ መሄጃ ያጣል፤ ዝዋይም ቀስ በቀስ የአብጃታን መንገድ ይይዛል። የባቱ ሕዝብ የሚጠጣው ደግሞ ከዚያው ሐይቅ ነው። ገበሬው ሽንኩርት አያምርት ያለ የለም፤ ሳይለካ የሚቀዳ ውሃ ግን ዛሬ የወፉ፣ ነገ የገበሬው የራሱ ዕዳ ነው።

ስለነዚህ ሐይቆች የሚመከረው የት ነው? አዳማ፣ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ። ከአብጃታ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ፣ ጠረጴዛው ላይ የታሸገ ውሃ ተደርድሮ፣ ባነር ተሰቅሎ፣ አበል ተፈርሞ። ፈረንጁ ቢያንስ ጭቃው ላይ ሄዶ ቆጥሯል። ተሰብሳቢው ከአዳራሹ የሚወጣው ለቡና ነው።

በሚቀጥለው ዓውደ ጥናት አንድ ሰው ከሻይ ዕረፍቱ በፊት እጁን ያውጣና ይጠይቅልን፦ ባለፈው ዓመት ከዝዋይ ስንት ሜትር ኩብ ውሃ ተቀዳ? ማን ለካው? ወደ አብጃታስ ስንት ደረሰ?