«ጋሼ፣ ደንቡ እኮ ነው»

መርካቶ ውስጥ አንድ ነጠላ ለመግዛት አምስት ሱቅ የሚያካልል፣ ዋጋ ጠርቶ፣ ሄዶ፣ ተመልሶ የሚከራከር ሰው ሜሪላንድ ወይም ቨርጂኒያ ቤቱን ሲሸጥ የ30 ሺህ ዶላር ኮሚሽን ቀርቦለት ትንፍሽ ሳይል ይፈርማል። ይህ የአንድ ሰው ሞኝነት ቢሆን ባልጻፍኩ። የብዙዎቻችን ልማድ ነው።

ሒሳብ ስለማንችል አይደለም። ኤጀንቱ የአገር ልጅ ነው። ቅዳሴ አብረን እናስቀድሳለን፤ ልጁ ክርስትና ሲነሳ ተጠርተን በልተናል። የሊስቲንግ ውሉን ጠረጴዛችን ላይ ዘርግቶ ቡናውን ፉት እያለ፣ «ጋሼ፣ ሁሉም የሚያስከፍለው ይሄንኑ ነው፤ ደንቡ እኮ ነው» ሲል፣ ማን ደፍሮ «ቀንስልኝ» ይላል? የመቶኛው ቁጥር ደግሞ ውሉ ላይ አስቀድሞ ተሞልቶ ነው የሚመጣው።

እንዲህ ያለ ደንብ ግን የለም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1950 የዚችው የዋሽንግተን ከተማ የሪል እስቴት ቦርድ የአባላቱን ኮሚሽን መጠን መተመኑ የሸርማንን የፀረ ሞኖፖሊ ሕግ ይጥሳል ብሎ ፈርዷል። እንግዲህ «ሁሉም ይሄንኑ ነው የሚያስከፍለው» የሚለው አባባል ኤጀንቶቹ ተስማምተው ከሆነ ሕገ ወጥ ነው፤ ሳይስማሙ ከሆነ ደግሞ ሻጩን የሚያስገድደው ነገር የለም።

በጥቅምት 2023 ካንሳስ ሲቲ የተቀመጡ የጁሪ አባላት ብሔራዊ የሪልተሮች ማኅበርንና ትልልቅ የሪል እስቴት ድርጅቶችን ኮሚሽን ላይ በመመሳጠር ጥፋተኛ ብለው ወደ 1.8 ቢሊዮን ዶላር ካሳ ፈረዱባቸው። ማኅበሩ በቀጣዩ መጋቢት 418 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈልና አሠራሩን ለመቀየር ተስማማ። ከነሐሴ 17፣ 2024 ጀምሮ ሻጩ ለገዢው ኤጀንት የሚከፍለው ኮሚሽን በኤጀንቶቹ የጋራ የቤት መዝገብ ላይ አይወጣም። ገዢውም ቤት ከማየቱ በፊት ከራሱ ኤጀንት ጋር ክፍያውን በጽሑፍ ይዋዋላል። እኛ ሰፈር ግን ያው «5፣ 6 በመቶ» ምንም እንዳልተፈጠረ ቀጥሏል።

መቶኛው ራሱ ያታልላል። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ ቤት 600 ሺህ ዶላር ተሸጠ እንበል፤ የባንኩ ዕዳ 420 ሺህ ነው። የሻጩ ድርሻ 180 ሺህ ብቻ ሆኖ ሳለ ኮሚሽኑ የሚታሰበው ከ600 ሺው፣ ማለትም ከባንኩም ገንዘብ ጭምር ነው። 5 በመቶ ሲባል 30 ሺህ ዶላር ነው። ይህ ሰውዬው ስንት ዓመት ሌሊት ታክሲ እየነዳ ካጠራቀመው ስድስት እጅ አንዱ ነው። ይህን ገንዘብ «5 በመቶ» ብሎ መጥራት ማሳነስ ነው።

«ዋጋህ ከፍ ሲል የኔም ከፍ ይላል፤ ስለዚህ ላንተ እታገላለሁ» የሚለውን ደግሞ እንፈትሸው። ሻጩ 10 ሺህ ዶላር ቀንሶ ኦፈሩን ቢቀበል 5 በመቶውን ከገዢው ኤጀንት ጋር ተካፍሎ 2.5 በመቶ የሚያገኘው ኤጀንት የሚቀርበት 250 ዶላር ነው፤ ከዚያችም ላይ የሚሠራበት ድርጅት ይካፈለዋል። ለዚህች ብሎ አንድ ወር ይጠብቃል? ሌቪትና ሲቨርሰን የተባሉ ኢኮኖሚስቶች ቺካጎ አካባቢ የተሸጡ ወደ 100 ሺህ የሚጠጉ ቤቶችን መርምረው በ2008 ያሳተሙት ጥናት፣ ኤጀንቶች የራሳቸውን ቤት ሲሸጡ ከደንበኞቻቸው ይልቅ ረዘም ላለ ጊዜ እንደሚታገሡና 3.7 በመቶ የሚሆን ጭማሪ እንደሚያገኙ አሳይቷል። ለራሳቸው ሲሆን ትዕግሥቱ አላቸው ማለት ነው።

ደህና ኤጀንት የለም አላልኩም። የትኛው ግድግዳ ቀለም እንደሚቀባ፣ የትኛው ጥገና ገንዘብ እንደሚያባክን አውቆ የሚመክር፣ ኢንስፔክሽን ላይ ገዢው ሲያስፈራራ የማይደነግጥ ሰው ዋጋው ይገባዋል። ግን ዋጋውን ይናገርና እንከራከር። ለዘመድ ሥራ መስጠትና ዘመድ የጠራውን ዋጋ ሁሉ መክፈል ለየቅል ናቸው።

ሌላው ማስፈራሪያ «ለገዢው ኤጀንት ካልከፈልክ ቤትህን የሚያይ አይመጣም» የሚለው ነው። ይህ ገና ገዢ ሳይታይ ለምን ይወሰናል? ገዢው ለኤጀንቱ እንድትከፍልለት ከፈለገ ኦፈሩ ላይ ይጻፈው፤ ያኔ ከዋጋው ጋር አብሮ ይመዘናል። 610 ሺህ ሰጥቶ 15 ሺህ የሚጠይቅና 600 ሺህ ሰጥቶ ምንም የማይጠይቅ ገዢ ጎን ለጎን ሲቀመጡ የሚሻለው ይታያል።

የክሎዚንግ ወጪ ላይም የምንከራከረው ያለ ቦታው ነው። ታይትል ካምፓኒው በጠየቀው መቶና ሁለት መቶ ዶላር ስንነታረክ ታክሱ ሹልክ ብሎ ያልፋል። ሜሪላንድ ውስጥ የዝውውርና የምዝገባ ታክስ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ገዢና ሻጭ እኩል ይካፈሉታል። ገዢው በግዛቲቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ቤት የሚገዛ ከሆነ ግን፣ ውሉ ላይ በግልጽ ሌላ ነገር ካልተጻፈ፣ የካውንቲው የዝውውር ታክስና የምዝገባው ታክስ በሙሉ ሻጩ ላይ ይወድቃሉ። ሞንትጎመሪ ካውንቲ ላይ የዝውውሩ ታክስ ብቻ 1 በመቶ ነው፤ ለዚያ 600 ሺህ ዶላር ቤት 3 ሺህ የነበረው የሻጩ ድርሻ 6 ሺህ ይሆናል። ስለዚህ ኦፈር ሲመጣ ከዋጋው ቀጥሎ ኤጀንቱን መጠየቅ ያለብን «ሰውዬው ሜሪላንድ ውስጥ ቤት ገዝቶ ያውቃል?» ብለን ነው፤ ያውም ከመፈረማችን በፊት።