ይግባኝ የሌለው ፍርድ

በቋንቋችን ችሎት ተቀምጦ የሚፈርደውም፣ ፊሽካ ነክሶ በሜዳ ላይ የሚሮጠውም ስማቸው አንድ ነው፤ ሁለቱም ዳኛ ይባላሉ። ዳሩ ግን የመጀመሪያው ቢሳሳት ይግባኝ አለ። ጉዳዩ ከፍርድ ቤት ፍርድ ቤት ሲንከራተት ዓመት ይፈጃል እንጂ በሩ አይዘጋም። ሁለተኛው ግን ፊሽካውን ከነፋ፣ ወይም መንፋት ሲገባው ዝም ካለ፣ ነገሩ አለቀ። የኳስ ወዳጅ ይግባኙን በየሻይ ቤቱ የሚያሰማው ስለዚህ ይመስለኛል። እኔም ዛሬ የማቀርበው እንዲህ ያለውን ነው፤ በይርጋ የታገደ ነው የሚል የሕግ ተማሪ ቢኖር ተቃውሞውን በጽሑፍ ይላክልኝ።

ጉዳዩ የጥቅምት 3 ቀን 2006 ዓ.ም. ነው። በዚያ እሑድ ብሔራዊ ቡድናችን ባዲስ አበባ ስታዲዮም ከናይጄሪያ ጋር ተጋጠመ። በደርሶ መልስ ያሸነፈው ወገን ብራዚል ለሚደረገው የዓለም ዋንጫ ያልፋል። ለናይጄሪያ ይህ የለመደችው መንገድ ነው፤ እኛ ግን ከዚያ በፊት እስከዚያ ደጃፍ ደርሰን አናውቅም፤ ከዚያም ወዲህ አልደረስንም።

በመጀመሪያው አጋማሽ ሳላዲን ሰይድ ወደ ጎል የላካትን ኳስ የናይጄሪያ ተከላካይ ከመስመሩ ላይ፣ እንደ እኛ አባባል ግን ከመስመሩ ወዲያ፣ አወጣት። ስታዲዮሙ «ጎል!» ብሎ ተነሣ። ዳኛው ጨዋታው ይቀጥል አለ። ከዕረፍት በኋላ በኃይሉ አሰፋ አግብቶ መራን፤ ኢማኑኤል ኤሜኒኬ አቻ አደረገ፤ ሊያልቅ ሲል ደግሞ ለናይጄሪያ ፍጹም ቅጣት ምት ተሰጠና ያው ኤሜኒኬ አስቆጠረ፤ 2 ለ 1። ኅዳር 7 ቀን ካላባር ላይ 2 ለ 0 ተሸነፍን። ብራዚልም በዚሁ ቀረች።

እኔ ያን ዕለት ብልባላ ነበርሁ። ብልባላ ለማያውቃት አንባቢ፣ በላስታ ውስጥ ከላሊበላ ወደ ሰቆጣ በሚወስደው መንገድ ያለች፣ ከዐለት የተፈለፈሉት የጊዮርጊስና የቂርቆስ አብያተ ክርስቲያናት የሚገኙባት አገር ናት። በሻይ ቤቱ የተሰበሰብነው መምህራን፣ የወረዳ ጸሐፊዎችና ተማሪዎች ስንጮህ፣ አንድ ሽማግሌ ከጥግ ሆነው ይመለከቱን ነበር። ለኳስ እንግዳ ናቸው፤ ለወሰን ክርክር ግን ማንም አያስተምራቸውም። በዚያ አገር ሁለት ጎረቤታሞች በድንበር ሲጣሉ ሽማግሎች ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው አይፈርዱም፤ ተነሥተው ወደ ማሳው ይወርዳሉ፣ ድንጋዩን ያያሉ፣ ከወዲህም ከወዲያም ቆመው ይመለከታሉ።

«ልጄ፣ ዳኛው ወሰኑን ሄዶ አየው?» አሉኝ።

«የለም አባቴ፣ ሩቅ ነበር።»

«ታዲያ በምን ፈረደ?»

ለዚህ ጥያቄ ያን ጊዜ መልስ አልነበረኝም፤ በኋላ ግን ሕጉን አገላብጬ አየሁት። ኳስ ጎል የምትሆነው ሙሉዋ ኳስ ሙሉውን መስመር ስታልፍ ነው። የኳስ ዙሪያዋ ከ68 እስከ 70 ሳንቲሜትር ስለሆነ ከጫፍ እስከ ጫፍ 22 ሳንቲሜትር ያህል ናት፤ መስመሩ ደግሞ እስከ 12 ሳንቲሜትር ሊሰፋ ይችላል። እንግዲህ አብዛኛዋ ገብታ ጥቂቷ እንኳ ከመስመሩ በላይ በአየር ላይ ብትቀር ጎል አይደለም። ይህን ማየት ያለበት የመስመር ዳኛ ዋና ሥራው ኦፍሳይድ ነውና ከተከላካዮቹ ጋር ትይዩ መቆም አለበት፤ ከጎሉ መስመር ብዙ ሜትር ይርቃል። በአግድም የሚያይ ዐይን ደግሞ ይታለላል። እኛ «በቴሌቪዥን አየን» ያልነውም ከዚያ በተሻለ ቦታ ከቆመ ካሜራ አልነበረም። ሆኖም እኔ ገብታለች ባይ ነኝ።

ይህ ክርክር በእኛ አልተጀመረም። ሐምሌ 23 ቀን 1958 ዓ.ም. በዌምብሊ የእንግሊዙ ጄፍ ኸርስት የመታት ኳስ አግዳሚውን መትታ መስመሩ አካባቢ ወደቀች፤ የስዊሱ ዳኛ ዲንስት የመስመር ዳኛውን የአዘርባጃኑን ባህራሞቭን ጠይቆ ጎል ነው አለ። ጀርመኖች እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። ሰኔ 20 ቀን 2002 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካ ላይ በተራው የእንግሊዙ ላምፓርድ ጀርመን ላይ ያገባት ግልጽ ጎል ተሻረች። ከዚህ በኋላ ነው የኳስ ሕግ አውጪዎቹ በ2004 ዓ.ም. ሰኔ ወር የጎል መስመር መሣሪያ እንዲሠራበት የፈቀዱት።

ቅሬታዬም እዚህ ላይ ነው። መሣሪያው የተፈቀደው እኛ ከመጫወታችን ከአንድ ዓመት በላይ አስቀድሞ ነው። በዚያው በ2006 ዓ.ም. ሰኔ ወር በብራዚል በየስታዲዮሙ 14 ካሜራ ተተክሎ፣ ኳስ መስመሩን ባለፈች በአንድ ሰኮንድ ውስጥ የዳኛው የእጅ ሰዓት ይነግረው ነበር። ሰኔ 8 ቀን ፈረንሳይ በሆንዱራስ ላይ ያገኘችው አንዱ ጎል በዚህ ዐይነት ጸደቀ። በአዳራሹ ውስጥ ሚዛን ነበር፤ በመግቢያው በር ላይ ግን በዐይን ግምት ይመዘን ነበር። ዳኛውን ሌባ ማለት ቀላል ነው፤ እኔ የምከስሰው ግን በሩን ያለ ሚዛን የተወውን ነው።

«ሳላዲን ያገባት ብትቆጠርስ፣ ድምሩ 4 ለ 2 አይሆንም ወይ?» ያለኝ የሒሳብ መምህር አለ። ሒሳቡ ትክክል ነው፤ ኳስ ግን እንደ ሒሳብ አትደመርም። ቀድሞ የመራ ቡድን ሌላ ቡድን ነው።

ነገሩን ከወዲያ ማዶ ያየሁት ከአምስት ዓመት በኋላ ነው። ሐምሌ 7 ቀን 2011 ዓ.ም. ካይሮ ላይ በአፍሪካ ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ሴኔጋልና ቱኒዝያ ተጋጥመው ዳኛው የእኛው ባምላክ ተሰማ ነበር። በጭማሪው ሰዓት ለቱኒዝያ ፍጹም ቅጣት ምት ሰጠ፤ ከዚያም በቪዲዮ አይቶ ሻረው። ሴኔጋል 1 ለ 0 አለፈች፤ ቱኒዝያውያንም ተበደልን ብለው ጮኹ። በእኛ ሻይ ቤት ግን «ጎበዝ! የማይፈራ ዳኛ!» ተባለ። እነዚያው ሰዎች ነን። ባምላክ ግን ወሰኑን ሄዶ አይቷል፤ ሽማግሌው ቢኖሩ ይህን አይነቅፉም ነበር።

በነገራችን ላይ ጎል ላይ መረብ እንዲታሰር የፈለሰፈው ጆን ብሮዲ የሚባል የሊቨርፑል መሐንዲስ ነው፤ ይህም ከ130 ዓመት በፊት ነው። የብልባላ ልጆች ከባሕር ዛፍ ግንድ ያቆሙት ጎል ግን እኔ ባየሁት ጊዜ መረብ አልነበረውም፤ ኳስ በቋሚው ውስጥ ይሁን በውጭ ማለፏ በየቀኑ ያጣላቸዋል። በሚመጣው ደመወዝ መረቡን ለመግዛት ከመምህራኑ ጋር መዋጮ ጀምረናል።