ከዕፀዋት ጥናት እስከ አዋጅ፤ የአካባቢ ሳይንስ ተመራማሪዎች ዕውቅናና የዜጎች መብት

ዓለም ገና የጅማ መንገድና ወደ ቡታጅራ፣ ሆሳዕናና ሶዶ የሚወስደው መንገድ የሚለያዩባት፣ ፋብሪካና መኖሪያ ቤት አጥር ለአጥር የሚዋሰኑባት ሥፍራ ናት። ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ ጋር በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ከተዋቀረች ወዲህ የነዋሪው ቁጥርና የኢንዱስትሪው እንቅስቃሴ ጎን ለጎን እየሰፉ ሄደዋል። በዚህ ዓይነት ከተማ የአካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት በር የሚያንኳኳ ባለጉዳይ ብዙውን ጊዜ አንድ ስጋት ይዞ ይቀርባል። ወንዙ ቀለሙን ቢቀይርም፣ ጭሱ ሌሊት ቢበረታም፣ «ጉዳቱ በአንተ ላይ ስለመድረሱ ማስረጃህ ምንድን ነው?» የሚል ጥያቄ እንዳይመለስለት ይሰጋል።

ይህን ስጋት በሕግ ያስወገደው በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ነው። አዋጁ በአንቀጽ 11 ማንኛውም ሰው የግል ጥቅሙ መነካቱን ማስረዳት ሳያስፈልገው፣ በአካባቢ ላይ ጉዳት አድርሷል ወይም ሊያደርስ ይችላል በሚለው አካል ላይ ለፌዴራሉ ባለሥልጣን ወይም ለክልሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤቱታ የማቅረብ መብት ሰጠ። አዋጁ በተዘጋጀበት ወቅት የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣንን ይመሩ የነበሩት ሰው የሕግ ባለሙያ አልነበሩም፤ የዕፀዋት ሳይንስ ተመራማሪ ነበሩ። የአካባቢ ሳይንስ ሊቃውንትን የሥራ ዘመን በምን መልክ ማክበር ይገባል የሚለው ጥያቄ ሲነሣ፣ ከሜዳሊያና ከምስክር ወረቀት አስቀድሞ መታየት ያለበት ይኸው ግንኙነት ነው።

ዶክተር ተወልደብርሃን ገብረእግዚአብሔር እ.ኤ.አ. በ1940 ተወለዱ። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ካገኙ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1969 በእንግሊዝ አገር ከዌልስ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ተቀበሉ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሳይንስ ፋኩልቲ ዲን፣ ቀጥሎም የደረቁ የዕፀዋት ናሙናዎች ተለይተውና ተመዝግበው የሚቀመጡበት የብሔራዊ ሄርባርየም ኃላፊ ሆኑ። እ.ኤ.አ. ከ1983 እስከ 1991 የአሥመራ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ያለው ዘመናቸው በአብዛኛው በመንግሥት ሥራ ያለፈ ሲሆን፣ የአገሪቱን የአካባቢ ጥበቃ ስትራቴጂ ዝግጅት ካስተባበሩ በኋላ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣንን ለረጅም ዓመታት መርተዋል።

በዓለም መድረክ ስማቸው የገነነው በደኅንነተ ሕይወት ድርድር ነው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1999 በኮሎምቢያ ካርታጌና የተደረገው ድርድር ያለ ስምምነት ሲበተን፣ ልውጥ ሕያዋንን ከድንበር ድንበር የማዘዋወር ጉዳይ በላኪ አገሮች ፍላጎት ብቻ እንዲወሰን የማይፈልጉ ታዳጊ አገሮች በአንድነት ቆመው ነበር። ከአፍሪካ ወገን ግንባር ቀደሙ ተደራዳሪ እርሳቸው ነበሩ። በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በጥር 2000፣ የካርታጌና ፕሮቶኮል በሞንትሪያል ጸደቀ። «አማራጭ ኖቤል» በመባል የሚታወቀው የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት በዚያው ዓመት ተሰጣቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2006 ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም ከምድር ሻምፒዮኖች አንዱ አድርጎ መረጣቸው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2023 በአዲስ አበባ አረፉ።

በእነዚህ ሽልማቶች ውስጥ እምብዛም የማይነገር አንድ ነገር አለ። ሽልማቶቹ የመጡት ከውጭ ነው፤ የተሰጡትም በአብዛኛው በዓለም አቀፍ መድረክ ለተፈጸመው ተግባር ነው። በአገር ውስጥ የተሠራው ሥራ ግን ድምፁ ዝቅ ያለ ስለሆነ በቀላሉ ይዘነጋል። ከአዋጅ ቁጥር 300/1995 ጋር አብሮ የወጣው የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995፣ የአንድ ፕሮጀክት የግምገማ ጥናት ለሕዝብ ክፍት እንዲሆንና በተለይ ፕሮጀክቱ ሊነካቸው የሚችሉ ማኅበረሰቦች አስተያየት በጥናቱ እንዲካተት ያዛል። ስለሆነም በሰፈሩ ፋብሪካ ሊተከል ነው የሚባልበት የዓለም ገና ወይም የሱሉልታ ነዋሪ ጥናቱን ለማየት ሲጠይቅ ውለታ እየለመነ አይደለም። የብክለት ቁጥጥር አዋጁም ለአካባቢ ተቆጣጣሪዎች ያለ ቅድሚያ ማስታወቂያና ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ወደ ማንኛውም ቅጥር ግቢ የመግባትና ናሙና የመውሰድ ሥልጣን ሰጥቷል። በዚህ ድንጋጌ ውስጥ የተመራማሪ እጅ ጎልቶ ይታያል፤ ክርክሩ በቃል ብቻ እንዳይቀር በልኬት የሚቋጭበትን መንገድ አበጅቷልና።

ተመራማሪን ማክበር ግን የያዘውን አቋም ሁሉ ሳይነኩ ማቆየት ማለት አይደለም። በዶክተር ተወልደብርሃን አመለካከት የተቃኘውና ጥብቅ የነበረው የደኅንነተ ሕይወት አዋጅ ቁጥር 655/2001፣ ምርምርን ያግዳል የሚል ቅሬታ ከሌሎች የሳይንስ ባለሙያዎች ቀርቦበት በአዋጅ ቁጥር 896/2007 ተሻሽሏል። ማሻሻያው የሰውየውን ክብር አልቀነሰም። ይልቁንም የሳይንስ ሰዎች ክርክር በሕግ አወጣጥ ውስጥ ሥፍራ እንዳገኘ ያመለክታል።

ሌሎችም ስማቸው ሊነሣ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1989 ሁለት ኢትዮጵያዊ ሥራዎች በአንድ ዓመት የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን አግኝተዋል፤ አንዱ ዶክተር መላኩ ወረደ የአገሪቱን የዘር ባንክ ያደራጁበት ሥራ፣ ሌላው ዶክተር አክሊሉ ለማና ዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ እንዶድ ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ያረጋገጡበት ጥናት ነው። ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው እ.ኤ.አ. በ2016 የኪው ዓለም አቀፍ ሜዳሊያ ተሸልመዋል። የኢትዮጵያና የኤርትራን ዕፀዋት በስምንት ቅጽ የመዘገበው ሥራ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1980 አንሥቶ ሦስት አሠርት ዓመታት ያህል የወሰደ፣ የዶክተር ተወልደብርሃን ባለቤት የነበሩትን ሱ ኤድዋርድስን ጨምሮ የብዙ ሰዎች ድካም ነው። በእንዲህ ያለ ሥራ የሁሉንም ተሳታፊ ስም ለይቶ መሸለም አይቻልም። ናሙና የለቀሙት፣ ተራራ ለተራራ መንገድ የመሩት፣ የተክሉን የአካባቢ መጠሪያ የነገሩት ሰዎች በማንኛውም መድረክ አልተጠሩም።

የዓለም ገና ነዋሪ ይህን ሥራ በቅርብ ለማየት ከወጨጫ ተራራ አያልፍም። የመናገሻ ሱባ ጥብቅ ደን በ15ኛው ክፍለ ዘመን በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ከወፍ ዋሻ በመጣ የጽድ ዘር እንደለማ ይነገራል፤ ጽዱ፣ ዝግባውና ኮሶው ዛሬም የተማሪዎችና የተመራማሪዎች መማሪያ ነው። በሰበታም የዓሣና የውኃ ውስጥ ሕይወት የምርምር ማዕከል ይገኛል። ከደኑ በታች በሚፈሱት ወንዞች ላይ ምን እየተለቀቀ እንደሆነ ለማወቅ የሚያስችል ዕውቀት እንግዲህ ከነዋሪው ሩቅ አይደለም። የሚቀረው፣ አልፎ አልፎም የሚላላው፣ ዕውቀቱን ከባለጉዳዩ አቤቱታ ጋር የሚያገናኘው የአፈጻጸም ሰንሰለት ነው። መብቱን የማያውቅ ነዋሪ አይጠይቅም፤ ካልተጠየቀም ናሙና የሚወስድ ተቆጣጣሪ ላይመጣ ይችላል።

በመሆኑም አቤቱታ የሚያቀርብ አገልግሎት ፈላጊ ጉዳዩን በጽሑፍ ቢያደርገው ይመረጣል። የተመለከተውን ለውጥ፣ ቦታውን፣ ቀኑንና ሰዓቱን መግለጽ ለባለሙያው ናሙና የሚወሰድበትን ሥፍራና ጊዜ ይጠቁመዋል። አቤቱታው የገባበት ቀንና የመዝገብ ቁጥር የሠፈረበትን ቅጂ መያዝም ያስፈልጋል፤ በአዋጅ ቁጥር 300/1995 መሠረት መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀናት ውስጥ ውሳኔ ካልሰጠ ወይም አመልካቹ በውሳኔው ቅር ከተሰኘ፣ ውሳኔው ከተሰጠበት ወይም የመወሰኛው ጊዜ ካለፈበት ቀን አንሥቶ በ60 ቀናት ውስጥ ለፍርድ ቤት ክስ ማቅረብ ይችላል።