የመቀነስ ምልክት ዋጋ

በጀርመንና በአውስትራሊያ በርካታ ቤቶች ከፀሐይ ያገኙትን ኃይል በባትሪ ያከማቻሉ። ባትሪው መቼ እንደሚሞላ የሚወሰነው በቤቱ የመስመር መግቢያ ላይ ያለው ቆጣሪ በሚያነበው የኃይል መጠንና አቅጣጫ ነው። የቆጣሪው የኮረንቲ መለኪያ ቀለበት ተገልብጦ ከታሰረ ግን ገቢው ወጪ መስሎ ይነበባል። ቤቱ ከመስመሩ 2 ኪሎዋት ሲወስድ፣ መቆጣጠሪያው «2 ኪሎዋት ትርፍ አለ» ብሎ ባትሪውን መሙላት ይጀምራል። በዚህም ከመስመሩ የሚወሰደው ኃይል ይጨምራል፤ የሐሰቱም ትርፍ አብሮ ያድጋል። ስሕተቱ ራሱን ይመግባል።

ብዙዎች በዚህ ጊዜ ባትሪውን ይወቅሳሉ። በእኛ እምነት ግን ዕቃ ከመለወጥ በፊት አንድ ቀላል ሙከራ ይቀድማል፤ ይኸውም ባትሪውንና የፀሐይ ፓነሉን አጥፍቶ ባለ 2 ኪሎዋት ምድጃ ማብራት ነው። የገቢው ንባብ በ2 ኪሎዋት ያህል ከጨመረ ቀለበቱ ደኅና ነው። ንባቡ ወጪ ከሆነ ቀለበቱ ተገልብጧል። ከናካቴው ቁጥር ካልደረሰ ደግሞ የመረጃ ሽቦዎቹ ይፈተሹ። ጥገናውን ግን ባለሙያ ይሥራው።

እኛ መምህራን የመቀነስን ምልክት መሳት ግማሽ ነጥብ ብቻ የሚያሳጣ ጥቃቅን ስሕተት አድርገን ስናርም ኖረናል። ይህ ሊታረም ይገባዋል፤ አቅጣጫው የጠፋ መልስ፣ መልስ አይደለምና።