ውሃው ወይስ የአዋላጇ ትዕግሥት? በወሊድ ጊዜ የሚደርስን መቀደድ ስለ መቀነስ

በአገራችን አንዲት እናት በሰላም ስትገላገል «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እንላታለን፤ ወንድ ይሁን ሴት እንጠይቃለን፤ ገንፎው ይገነፋል፤ ጠያቂው ይበዛል። ስለ ቁስሏ ግን የሚጠይቃት እምብዛም አይገኝም። እርሷም አትናገርም። መቀመጥ ሲያቅታት፣ መጸዳጃ ቤት መሄድ ሲያስፈራት፣ ከዚያም አልፎ ዓይነ ምድሯን መቆጣጠር ሲሳናት «የወሊድ ነገር ነው፤ ያልፋል» ተብላ ትታለፋለች። እኛ የጤና ተመራማሪዎችም ከዚህ ዝምታ ነፃ አይደለንም። የእናቶችን ሞት እንቆጥራለን፤ መቁጠራችንም ተገቢ ነው። በሕይወት ተርፋ ለዓመታት በኀፍረት የምትኖረውን እናት ግን በጥናቶቻችን ውስጥ ፈልገን የምናገኛት ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው።

ይህ ጽሑፍ የሚነሣው ከእኛ የራቀ ከሚመስል ጥያቄ ነው፦ በሞቀ ውሃ ገንዳ ውስጥ መውለድ የመቀደድን አደጋ ይቀንሳልን? ጥያቄው በእንግሊዝ፣ በአውስትራሊያና በመሳሰሉት አገሮች የብዙ ክርክር ምክንያት ሆኗል። የጸሐፊው አቋም በአጭሩ የሚከተለው ነው። ማስረጃው ውሃን ከክስ ነፃ ያወጣዋል፤ መድኃኒት ነው ብሎ ግን አይመሰክርለትም። ከውሃ ወሊድ ልንማረው የሚገባን ዋና ቁም ነገር በገንዳው ዙሪያ የተለመደው የአዋላጅነት ሥርዐት ነው፤ ይህም ገንዳ በሌለበት ማዋለጃ ክፍል ሁሉ ሊተገበር ይችላል።

አስቀድሞ ስለ ጉዳቱ ምንነት ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። በብልትና በፊንጢጣ መካከል ያለው አካል የሕፃኑ ራስ ሲያልፍ እጅግ ይለጠጣል። መቀደድ ሲደርስ በአራት ደረጃ ይመደባል። አንደኛው ደረጃ ቆዳን ብቻ፣ ሁለተኛው ከቆዳው ሥር ያለውን ጡንቻ የሚነካ ነው። ሦስተኛው ደረጃ የፊንጢጣ ማሰሪያ ጡንቻን ይነካል፤ አራተኛው እስከ ፊንጢጣው ውስጠኛ ሽፋን ይዘልቃል። ሦስተኛውና አራተኛው ከባድ የሚባሉት ናቸው። በወቅቱ ታውቀው በአግባቡ ካልተሰፉ ዓይነ ምድርን የመቆጣጠር ችሎታን ሊያሳጡ ይችላሉ። የመጀመሪያ ልጇን የምትወልድ፣ ልጇ ትልቅ የሆነባት፣ በመሣሪያ ድጋፍ የምትወልድ እናት አደጋው ይበረታባታል።

በውሃ ውስጥ መውለድ በዘመናዊ ሕክምና ትኩረት ያገኘው ፈረንሳዊው ሐኪም ሚሼል ኦዳን በፒቲቪዬ ሆስፒታል ያየውን በ1983 እ.ኤ.አ. በላንሴት መጽሔት ካሳተመ በኋላ ነው። ደጋፊዎቹ የሚያቀርቡት ምክንያት ለአእምሮ የሚቀርብ ነው። የውሃው ሙቀት አካልን ያላላል፤ ውሃው ክብደትን ስለሚሸከም እናቲቱ እንዳሻት ትዞራለች፤ ሕመሙም ይቀንሳል። ተቃዋሚዎቹ ደግሞ አዋላጇ በውሃ ውስጥ የሕፃኑን ራስ በእጇ መቆጣጠርና አካሉን በግልጽ ማየት ስለማትችል ከባድ መቀደድ ይበዛል ብለው ይሰጋሉ። የአሜሪካ የማህፀንና ጽንስ ሐኪሞች ኮሌጅ በ2016 ባወጣው አስተያየት በመጀመሪያው የምጥ ምዕራፍ በውሃ መቆየትን ተቀብሎ መውለዱ ግን ከውሃ ውጭ እንዲሆን መምከሩ ይታወሳል።

ማስረጃውን እንመልከት። በ2018 የወጣው የኮክሬን ግምገማ 15 ሙከራዎችንና 3,663 ሴቶችን አካቶ ነበር። በውሃ ውስጥ ማማጥ የወገብ ማደንዘዣ ፍላጎትን በመጠኑ እንደሚቀንስ አሳይቷል፤ በከባድ መቀደድ ረገድ ግን ግልጽ ልዩነት አላገኘም። በ2024 የታተመው «ፑል» የተባለው የብሪታንያ ጥናት ደግሞ በስፋቱ ከቀደሙት ሁሉ ይለያል። በምጥ ጊዜ ገንዳ ተጠቅመው ተጨማሪ የሐኪም ወይም የማደንዘዣ እርዳታ ሳያስፈልጋቸው የወለዱ 60,402 ሴቶችን አነጻጽሯል። የመጀመሪያ ልጃቸውን ከወለዱት መካከል ከባድ መቀደድ የደረሰባቸው በውሃ ውስጥ 4.8 በመቶ፣ ከውሃ ውጭ 5.3 በመቶ ነበሩ። ቀደም ሲል ከወለዱት ደግሞ 1.1 በመቶና 1.7 በመቶ ሆነዋል።

እነዚህን ቁጥሮች በጥንቃቄ ማንበብ ይገባል። ጥናቱ የታቀደው የውሃ ወሊድ ከውሃ ውጭ ካለው ወሊድ የከፋ አለመሆኑን ለመፈተን ነው፤ ያንንም አረጋግጧል። ስለዚህ ከላይ የተጠቀሰው ስጋት በዚህ መጠን ባለ መረጃ አልተደገፈም። ይሁን እንጂ ጥናቱ ምልከታዊ ነው፤ ሴቶቹ በዕጣ አልተመደቡም። ከገንዳው ሳትወጣ የወለደችው እናት ምጧ በጥሩ ሁኔታ የሄደላት ልትሆን ትችላለች፤ ሳትወልድ የወጣችውም የወጣችበት ምክንያት ይኖራታል። ከዚህ የተነሣ የታየውን ትንሽ ልዩነት ለውሃው ኃይል መስጠት ከማስረጃው አልፎ መሄድ ነው። ከዚህም በላይ ሁሉም ሴቶች ዝቅተኛ አደጋ ያለባቸው፣ የሠለጠነች አዋላጅ የቀረበቻቸው መሆናቸው አይዘነጋም።

ታዲያ በገንዳው ዙሪያ ምን አለ? እናቲቱ በጀርባዋ ተንጋልላ እግሮቿ በመስቀያ አልተያዙም፤ የሚመቻትን አቀማመጥ ራሷ ትመርጣለች። አዋላጇ በመቀስ ለመቁረጥ አትቸኩልም። ራሱ ብቅ ሲል «ግፊ! ግፊ!» ከማለት ይልቅ በዝግታ እንድትተነፍስ፣ አጭር አጭር እየገፋች ራሱ ቀስ ብሎ እንዲወጣ እንድትፈቅድ ትነግራታለች። እጅ በውሃ ውስጥ ብዙ መሥራት ስለማይችል ቃል የእጅን ሥራ ይሠራል። ውሃውም ከ37.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንዳይበልጥ በየሰዓቱ ይለካል። ይህ ሁሉ አንዲት አዋላጅ ከአንዲት እናት ጎን ሳትለይ መቆየቷን ይጠይቃል።

ከእነዚህ ልማዶች አብዛኞቹ በደረቅ አልጋም ተፈትነዋል። በ2017 የወጣ የኮክሬን ግምገማ በሁለተኛው የምጥ ምዕራፍ በሞቀ ውሃ የተነከረ ጨርቅ በአካሉ ላይ መያዝ ከባድ መቀደድን በግማሽ ገደማ እንደሚቀንስ አሳይቷል። በዚያው ዓመት የወጣ ሌላ ግምገማ እንደሚያመለክተው፣ በመቀስ መቁረጥን ወይም ኤፒዚዮቶሚን አስፈላጊ በሆነበት ጊዜ ብቻ መጠቀም እንደ ልማድ ለሁሉም ከማድረግ ጋር ሲነጻጸር ከባድ ጉዳትን 30 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ከ35ኛው ሳምንት ጀምሮ በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ አካሉን በጣት ማሸት ደግሞ ቀደም ሲል ላልወለዱ እናቶች ስፌት የሚጠይቅ ጉዳትን በመጠኑ ይቀንሳል።

ሁሉም ማስረጃ ወደ አንድ አቅጣጫ አይመራም፤ ይህንንም መደበቅ ተገቢ አይደለም። ቀና ብሎ መውለድ ኤፒዚዮቶሚን ቢቀንስም የሁለተኛ ደረጃ መቀደድን በመጠኑ ሳይጨምር አይቀርም። በ1998 የታተመና 5,471 የእንግሊዝ ሴቶችን ያካተተ ሙከራ አዋላጇ እጇን በአካሉ ላይ ብታደርግም ባታደርግም በከባድ መቀደድ ረገድ ጉልህ ልዩነት አለመኖሩን አሳይቷል። ብሪታንያ ከ2017 እስከ 2018 በ16 ማዋለጃ ክፍሎች የተለያዩ የመከላከያ ተግባራትን አቀናጅታ ስትሞክርም ከባድ መቀደድ ከ3.3 ወደ 3.0 በመቶ ብቻ ወርዷል። እንግዲህ አንድ ተአምረኛ ዘዴ የለም። ያለው ብዙ ትንንሽ መልካም ተግባራት ተደምረው የሚያመጡት ለውጥ ነው።

ወደ ራሳችን ስንመለስ ጉዳዩ ሌላ ክብደት ይይዛል። በኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ጥናት መሠረት በጤና ተቋም የሚወለዱ ሕፃናት በ2016 እ.ኤ.አ. 26 በመቶ ነበሩ፤ በ2019 በወጣው አነስተኛ ዳሰሳ 48 በመቶ ደርሰዋል። ይህ ትልቅ ድል ነው። ነገር ግን እናቲቱን ከቤቷ አውጥተን ወደ ተቋም ስናመጣት ተንበርክካ ወይም ቁጢጥ ብላ፣ ከኋላ ተደግፋ የመውለድ ልማዷን ትታ በጀርባዋ እንድትተኛ አድርገናታል። በምላሹ ቢያንስ ከጉዳት የሚጠብቃት እንክብካቤ ልንሰጣት ይገባ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 ያወጣው መመሪያ ኤፒዚዮቶሚን በልማድ መሥራትን አይደግፍም፤ ሆድን ከላይ መጫንንም አይመክርም። የሞቀ ጨርቅን፣ አካሉን ማሸትንና በእጅ መደገፍን፣ እንዲሁም እናቲቱ የምትወልድበትን አቀማመጥ ራሷ መምረጧን ይመክራል። ከእነዚህ አንዱም ገንዳ አይጠይቅም። የቧንቧ ውሃ በሚቆራረጥበት ጤና ጣቢያ ስለ መውለጃ ገንዳ ማለም ቅንጦት ነው፤ አንድ ማሰሮ ውሃ አሙቆ ንጹሕ ጨርቅ መንከር ግን ቅንጦት አይደለም።

በዚህ ላይ የሚነሣው ተቃውሞ ይታወቃል፦ አንዲት አዋላጅ ሦስት አራት እናቶችን በአንድ ጊዜ በምትከታተልበት ክፍል ትዕግሥትን መስበክ ለአፍ ይቀላል። ተቃውሞው እውነት አለው። አዋላጇ መቀሱን የምታነሣው ክፋት ኖሯት አይደለም፤ ቀጣዪዋ እናት እየጮኸች ነው፤ ደግሞም በእጇ የቆረጠችው ቀጥ ያለ ቁስል ለመስፋት ይቀላታል፣ በራሱ የተቀደደው ግን ያስወቅሳታል ብላ ትሰጋለች። ስለዚህ ለውጡ በአዋላጇ ትከሻ ላይ ብቻ ሊጣል አይችልም። ሆኖም የጊዜ እጥረቱ ራሱ ክርክሩን አያፈርሰውም። መቁረጥም መስፋትም ጊዜ ይወስዳሉ፤ ሳይታወቅ ያለፈ ከባድ መቀደድ ደግሞ እናቲቱንም ሆስፒታሉንም ለዓመታት ያስከፍላል።

የድኅረ ምረቃ ተማሪዎችና ተመራማሪዎች ድርሻ እዚህ ላይ ነው። ስንት እናቶች ኤፒዚዮቶሚ እንደተሠራላቸው በአንድ ጊዜ ዳሰሳ መቁጠር ቀላል ስለሆነ ርእሱ ደጋግሞ ይመረጣል። ከዚህ በኋላ ግን አራት ነገሮች ቢታሰቡ መልካም ነው። አንደኛ፣ መቀደድ በደረጃው ይመዝገብ፤ ከወሊድ በኋላ በፊንጢጣ በኩል የሚደረግ ምርመራ ሳይታከል የሦስተኛ ደረጃ ጉዳት የለም ማለት ያልታየውን አልኖረም ማለት ነውና። ደረጃው በትክክል መመዝገብ ሲጀምር ቁጥሩ ቢጨምር የክፍሉ ውድቀት ተደርጎ መታየት የለበትም። ሁለተኛ፣ እናቲቱ የወለደችበት አቀማመጥና ማን እንደመረጠው በመዝገብ ይስፈር። ሦስተኛ፣ ክትትሉ ከተቋሙ በር አልፎ ቢያንስ እስከ ስድስተኛው ሳምንት ይዝለቅ፤ እናቲቱም በምትረዳው ቋንቋ፣ በምስጢር ትጠየቅ። አራተኛ፣ የ2016ቱ ዳሰሳ ከ15 እስከ 49 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ሴቶች 65 በመቶዎቹ እንደተገረዙ አመልክቷል። ጠባሳ ያለበት አካል ያለ ጠባሳ እንደሚለጠጠው አይለጠጥም። ስለዚህ በብሪታንያ ሴቶች ላይ የተገኘ ቁጥር ወደ ሶማሌ ወይም ወደ አፋር ክልል ማዋለጃ ክፍል እንዳለ ሊገለበጥ አይችልም። የሞቀ ጨርቅ ለእነዚህ እናቶች ምን ያህል እንደሚጠቅም በራሳችን ሙከራ መታወቅ አለበት። ሙከራው ውድ መሣሪያ አይፈልግም፤ የሚፈልገው ጥሩ ንድፍ፣ የእናቶች ፈቃድና ታማኝ መዝገብ ነው።

የውሃ ወሊድ ክርክር ለእኛ ያለው ጥቅም ይህ ነው። ገንዳው አዋላጇን አስቀምጦ እንድትጠብቅ፣ እናቲቱንም ለመንቀሳቀስ ነፃ እንድትሆን አድርጓል። ያንኑ ያለ ገንዳ ማድረግ ይቻላል፤ ይቻል እንደሆነም መለካት ይቻላል። የሚቀጥለው የመመረቂያ ጥናት ርእስ ለመምረጥ የተቀመጠ ተማሪ ወደ ማዋለጃ ክፍሉ ገብቶ መዝገቡን ይግለጥ፤ ከወሊዱ ቀንና ከሕፃኑ ክብደት ቀጥሎ ስለ እናቲቱ ቁስል የተጻፈ ካለ ይፈልግ። ያ ቦታ ባዶ ሆኖ ካገኘው ርእሱን አግኝቷል።