አስፋልቱ ሲሬ ሲደርስ

ከአዲስ አበባ ተነስቶ በሆለታ፣ በአምቦ፣ በጌዶና በባኮ አድርጎ ነቀምቴ የሚገባው መንገድ ነቀምቴ ላይ አያበቃም። በጊምቢ፣ በነጆና በመንዲ አልፎ አሶሳን ይይዝና እስከ ኩርሙክ፣ እስከ ሱዳን ድንበር ድረስ ይወርዳል። ጌዶ ላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለውን ብርዳም ደጋ ይረግጣል። ባኮ ሲደርስ 1,650 ሜትር ላይ ወዳለው የጊቤ ሸለቆ ሙቀት ይወርዳል፤ ነቀምቴ ሲገባ ደግሞ መልሶ ከ2,000 ሜትር በላይ ይወጣል። በግማሽ ቀን ጉዞ ውስጥ ተሳፋሪው ጋቢውን ይደርባል፣ ያወልቃል፣ መልሶ ይደርባል።

ስለዚህ መንገድ ሲወራ የሚነሱት ጫፎቹ ናቸው። ቡናው አዲስ አበባ ደረሰ፣ ሲሚንቶው አሶሳ ገባ፣ አውቶቡሱ ከነቀምቴ ተነሳ ይባላል። የሲቡ ሲሬ ወረዳ ዋና ከተማ ሲሬ ግን ከመሃል ናት። ከአዲስ አበባ 280 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ለነቀምቴ 50 ያህል ሲቀር ትገኛለች። መሃል ላይ ያለ ከተማ በዚህ ሂሳብ ውስጥ የሚታየው ሾፌር ፍሬን የሚይዝበት ቦታ ሆኖ ብቻ ነው። ዛሬ የምጽፈው ስለዚያ ቦታ ነው።

በማንጎ ወቅት ሲሬ ላይ የአስፋልቱን ጠርዝ ልብ ብሎ ላየ ሰው ነገሩ ሁሉ እዚያ ይገኛል። ሴቶቹ የማዳበሪያ ከረጢት ቀድደው ያነጥፉና ማንጎውን በመደብ በመደብ ይደረድሩበታል። ከረጢቱ ከነጩ መስመር ያለው ርቀት አንዳንዴ ክንድ አይሞላም። አራቱም ማዕዘን ላይ ድንጋይ ተጭኗል፤ ድንጋዩ ባይኖር የሚያልፈው ከባድ መኪና ንፋስ ከረጢቱን ከነማንጎው ይገለብጠዋል። ሻጯ ጉልበቷን አጥፋ የምትቀመጠው ፊቷን ወደ መንገዱ አዙራ ነው። ጀርባዋን ሰጥታ መቀመጥ አትችልም፣ ምክንያቱም ገበያዋም አደጋዋም የሚመጡት ከአንድ አቅጣጫ ነው። ሚኒባስ ሲቆም ግማሽ ጎኑ አስፋልቱ ላይ ይቀራል። ረዳቱ «ወራጅ!» ብሎ በሩን ሳይከፍት በፊት ልጆቹ በሳህን የተቀቀለ በቆሎ ይዘው መስኮቱ ስር ደርሰዋል። ከኋላ የመጣው ሲኖትራክ ጥሩንባውን እየነፋ የቆመውን ሚኒባስ ለማለፍ ወደ ግራ ይወጣል። በግራ በኩል ደግሞ ኩንታል የጫነ አህያና ከትምህርት ቤት የተለቀቁ ተማሪዎች አሉ።

ይህን ያየ ሰው ጥፋቱን ቶሎ ሻጮቹ ላይ ይደፋል። «መንገድ ላይ ምን አስቀመጣቸው?» ይላል። እኔ በዚህ አልስማማም። መንገዱ የተሠራው ለሚያልፍ ነው፤ ሲሬ የምትተዳደረው በሚቆም ነው። ሁለቱ በአንድ ሰባት ሜትር ስፋት ላይ ተገናኝተዋል፤ ሥፍራውን ለሁለቱም ይበቃ ዘንድ ያሰናዳ አካል ግን እስከ ዛሬ አልታየም።

የጥንቱ ነገር ከዚህ ይለያል። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የዚህ ሀገር ሸቀጥ ወደ ባሕር የሚሄደው በቅፍለት ነበር። ከቦንጋ፣ ከጅሬንና ከሰቃ የተነሳው ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድና ቡና በጉድሩ አሰንዳቦ አልፎ፣ ዓባይን ተሻግሮ፣ የጎጃሙን የባሶ ገበያ ይዞ በጎንደር በኩል ምጽዋ ይወርዳል። በመልስ ጉዞው አሞሌ ጨውና ጨርቅ ይመጣል። የሌቃው ቢሎ ከዚህ ንግድ የበቀለ ስመ ጥር የገበያ ከተማ ነበር። ቢሎን ያሳደገው የቅፍለቱ መቆም ነው። በቅሎ ይደክማል፣ ጭነት ይራገፋል፣ ነጋዴ ያድራል፣ ስንቅ ይገዛል፣ ቀረጥ ይከፈላል። በዚያ ዘመን መንገዱ እያረፈ ስለሚሄድ፣ ባረፈበት ሁሉ ለሀገሬው አንድ ነገር ትቶ ያልፍ ነበር።

በኋላ የወለጋና የኢሉባቦር ቡና ሌላ ወደብ አገኘ። በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር በተፈረመው ውል በባሮ ወንዝ ዳር የንግድ ጣቢያ ተፈቀደ፤ ጣቢያው ጋምቤላ ላይ ሲቆም፣ ክረምት ላይ ወንዙ ሲሞላ ከካርቱም የሚመጡ የእንፋሎት መርከቦች ቡናውን እየጫኑ ይመለሱ ጀመር። ጎሬና ሳዮ ያኔ የሞቁ የንግድ ከተሞች ሆኑ። ሱዳን በ1948 ነጻ ስትወጣ የጋምቤላው ጣቢያ ነገር አከተመ፤ ወደቡ ሲቀዘቅዝ ከተሞቹም አብረው ቀዘቀዙ። የምዕራቡ ጭነት ፊቱን ጨርሶ ወደ አዲስ አበባ መለሰ። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1943 የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቁሞ፣ በዓለም ባንክ ብድር የመኪና መንገዶችን መጠገንና መዘርጋት ተያይዞ ነበር። ዛሬ በዓለም ገበያ ለቀምት በሚለው ስም የሚታወቀው የጊምቢና የአካባቢው ቡና ወደ ጅቡቲ የሚደርሰው መጀመሪያ በሲሬ በኩል አልፎ ነው።

አስፋልቱ ብዙ ጥቅም አምጥቷል። ምጥ የያዛት እናት ነቀምቴ ሆስፒታል በሰዓት ውስጥ እንድትደርስ ያደረገው እርሱ ነው። በ1999 የተከፈተው የወለጋ ዩኒቨርሲቲም ተማሪዎቹን የሚቀበለው በዚሁ መንገድ ነው። የባኮን የበቆሎ ምርምር የሚያውቅ ሰው ደግሞ ሌላም ይጨምርልኛል። ቢኤች 660 እና ቢኤች 540 የተባሉት፣ ስማቸውን ከባኮ ያገኙት ድቅል ዘሮች በ1980ዎቹ ወጥተው የዚህን ሸለቆ ማሳ ቀየሩት። ከሲሬና ከባኮ ገበሬ የሚተርፈው በቆሎ ገዢ የሚያገኘው መኪና ስለሚገባ ነው። ባለፉት ዓመታት በምዕራብ ኦሮሚያ በቆየው ግጭት መንገዱ በተዘጋ ቁጥር ምን እንደሚሆን የሲሬ ሰው አሳምሮ ያውቃል። በቆሎው ጎተራ ውስጥ ይቀርና ዋጋው ይወድቃል፤ ዘይቱ፣ ሳሙናውና መድኃኒቱ ግን ይወደዳል። መንገድ እንዴት ያለ ጸጋ እንደሆነ ለሲሬ ሰው የሚያስረዳ አያስፈልገውም።

ስለዚህ ጥያቄዬ አስፋልቱ ከተማ ሲገባ ለምን እንደ ከተማ መንገድ አይሆንም የሚል ነው። ባዶ ሜዳ ላይ የነበረው መንገድ፣ ያው ስፋቱ፣ ያው ጠባብ ትከሻው፣ ያው ጥልቅ ክፍት ቦዩ ምንም ሳይለወጥ ሰው መሃል ይገባል። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚከንፍ መኪና በአንድ ሰከንድ 22 ሜትር ይሄዳል። ሾፌሩ ልጁን አይቶ እግሩ ፍሬን ላይ እስኪያርፍ ድረስ ብቻ ከአንድ አውቶቡስ ርዝመት በላይ ሄዷል፤ መቆሚያው ገና ከዚያ በኋላ ነው። በ30 ቢሆን በዚያው ሰከንድ የሚሄደው ስምንት ሜትር ነው። በሀገራችን በፖሊስ የሚመዘገበው ብቻ በየዓመቱ ከ3 ሺህ በላይ ሰው በመኪና አደጋ ይሞታል፤ ከሟቾቹ ትልቁ ድርሻ እግረኛ ነው። በሲሬ ዓይነት ከተማ ደግሞ ነዋሪው ሁሉ እግረኛ ነው ማለት ይቻላል።

ተጎጂው ከተረፈም ነገሩ ቀላል አይደለም። በ2005 የወጣው አዋጅ ቁጥር 799 ማንኛውም በመኪና የተጎዳ ሰው በሕጉ እስከተወሰነው የገንዘብ ጣሪያ ድረስ አስቸኳይ ሕክምና ሳይከፍል እንዲያገኝ ደንግጓል፤ ገጭቶ ባመለጠ መኪና ለተጎዳ ሰውም ካሣ የሚከፍል ፈንድ አለ። ይህን መብት አውቆ የሚጠይቅ የገጠር ቤተሰብ ስንት ይሆን? የመንገድ ዳር ሻጮች መጀመሪያ ማወቅ የሚገባቸው ይህን ነው። የከተማው የትራፊክ ጽሕፈት ቤት በገበያ ቀን በኦሮምኛ በድምፅ ማጉያ ቢያውጀው ብዙ ሰው ይጠቀማል።

ችግሩ ባለቤት ማጣት ይመስለኛል። አስፋልቱ የፌዴራል ነው፤ የሚያስተዳድረው የኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር ነው። ከቦዩ ማዶ ያለው መሬት የከተማው ነው። ማዘጋጃ ቤቱ የአስፋልቱን ጠርዝ ልንካ ቢል ሥልጣን የለውም። መንገድ ሠሪው በበኩሉ ውሉ ላይ የተጻፈለትን ኪሎ ሜትር አጠናቅቆ ይሄዳል፣ የገበያው ነገር ሥራው አይደለም። መሃል ላይ ያለችው ሁለት ሜትር አፈር፣ ማለትም ማንጎው የሚሸጥባት፣ ተማሪው የሚሄድባት፣ ሚኒባሱ የሚቆምባት ቁራጭ መሬት፣ የሚከራከርላት የለም። ክረምት ሲገባ ጭቃ ትሆናለች፤ ያን ጊዜ ሰዉ ሁሉ ደረቁን ፍለጋ አስፋልቱ ላይ ይወጣል። በ1989 የተቋቋመው የመንገድ ፈንድ ከነዳጅ የሚሰበሰበውን ገንዘብ ለፌዴራልም፣ ለክልልም፣ ለከተሞችም እንዲያከፋፍል የታሰበ ነው። ይህችን ቁራጭ በጋራ ለማበጀት ሕጉ በር አልዘጋም።

ጃፓኖች ተመሳሳይ ነገር ገጥሟቸው ነበር። አውራ ጎዳናዎቻቸው የገጠር ከተሞቻቸውን ጥለዋቸው ማለፍ ሲጀምሩ፣ እ.ኤ.አ. በ1993 ሚቺ ኖ ኤኪ የሚሏቸውን የመንገድ ዳር ጣቢያዎች ማቋቋም ጀመሩ። መንግሥት መኪና ማቆሚያውንና ሌት ተቀን ክፍት የሆነውን መጸዳጃ ቤት ይሠራል፣ የአካባቢው አስተዳደርና ገበሬው ደግሞ እዚያው ምርቱን ይሸጥበታል። ዛሬ ከ1,200 በላይ ናቸው። የጃፓን ገንዘብ የለንም። ሐሳቡ ግን ከገንዘቡ ይልቅ ለእኛ ይቀርባል፤ መንገደኛን አሳርፎ መሸኘት የኖርንበት ነውና።

የመጸዳጃውን ነገር አልፌው መሄድ አልፈልግም። በዚህ መስመር የሚጓዙ ሴቶች፣ በተለይ ነፍሰ ጡሮችና ልጅ የያዙ፣ የሚደርስባቸውን ደጋግሜ አይቻለሁ። አውቶቡሱ ዛፍ ያለበት ዳገት ላይ ይቆምና ረዳቱ «አስር ደቂቃ» ይላል። ወንዶቹ ወርደው እዚያው ይጨርሳሉ። ሴቶቹ ነጠላ ጋርደው ቁጥቋጦ ፍለጋ ይርቃሉ፣ ወይም ደግሞ ከጠዋት ጀምረው ውኃ ሳይጠጡ ይውላሉ። አንድ ንጹሕ መጸዳጃ ያለበት፣ ከአስፋልቱ ገባ ያለ ማቆሚያ ሲሬ ላይ ቢኖር ሾፌሮች ሌላ ቦታ መቆም አይመርጡም። የተደራጁ ወጣቶች በትንሽ ክፍያ ሊያስተዳድሩት ይችላሉ። ከጎኑ ጣሪያ ያለው የገበያ መደብ ሲኖር ደግሞ ማንጎው ፀሐይ ሳይመታው ይሸጣል። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ማንጎው በአንድ ጊዜ ስለሚደርስ ብዙው መሬት ላይ ይበላሻል፤ ጥላና ማረፊያ ማለት በዚያ ወቅት ለብዙ ቤት የደብተርና የዩኒፎርም ገንዘብ ነው።

የከተማው መግቢያና መውጫ ላይ መኪናው ፍጥነቱን እንዲቀንስ የሚያስገድድ በወጉ የተሠራ ጉብታ፣ ከነምልክቱና ከነቀለሙ ያስፈልጋል። በወጉ የተሠራ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። በብዙ የሀገራችን ከተሞች ልጅ ከሞተ በኋላ ሰዉ በሐዘንና በቁጣ ድንጋይና አፈር ቆልሎ የራሱን ጉብታ ይሠራል፤ ሌሊት የመጣ ሞተረኛ ደግሞ እዚያ ላይ ይወድቃል። የትምህርት ቤቱ በር ፊት ለፊት መሻገሪያ፣ ቦዩ ላይም የኮንክሪት ክዳን ያስፈልጋል። ክዳን የተደረገበት ቦይ ያለ ተጨማሪ መሬት የእግረኛ መንገድ ይሆናል። ይህ ሁሉ አስፋልቱ ሲጠገን በአንድ የጨረታ ሰነድ ውስጥ ከተጻፈ ዋጋው ከጠቅላላው ሥራ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው። ሥራው አልቆ ማሽኑ ከወጣ በኋላ ግን ማንም አይመለስለትም። ስለዚህ የሲሬ ከተማ አስተዳደር፣ መምህራኑና ሻጮቹ ራሳቸው አስቀድመው ተቀምጠው ቦታዎቹን ለይተው፣ በደብዳቤ ለመንገዶች አስተዳደር ማሳወቅ አለባቸው። በዚሁ መንገድ ላይ ያሉት የአኖ፣ የባኮ፣ የጉቴና የኢጃጂ ከተሞች ችግርም ይኸው ስለሆነ ደብዳቤው የአንድ ከተማ ብቻ ባይሆን ይሻላል።

እስከዚያው ድረስ ገንዘብ የማይጠይቅ ነገርም አለ። ሚኒባሶቹ ተሳፋሪ የሚያወርዱበትን ቦታ ከአስፋልቱ ላይ አንስቶ ሰፋ ወዳለው መናኸሪያ በኩል ማድረግ፣ የበቆሎ ጭነትም ተማሪ በሚወጣበት ሰዓት መንገድ ዳር እንዳይጫን መከልከል የትራፊክ ፖሊሱ፣ ተራ አስከባሪዎቹና የእህል ነጋዴዎቹ በአንድ ከሰዓት በኋላ ስብሰባ የሚጨርሱት ጉዳይ ነው።